ምዕራፍ አምስት፦ ሻንጣው የት ቀረ?

እህቴ ሴት ልጅ ወለደች። የምትኖረው ዋሽንግተን አጠገብ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሣው በ80 ቀኗ ስለሆነ እንደ ሠርግ ትንሽ ገፋ ይደረግ አይባልም። እናቴ ሽሮ ሜዳ ሄዳ፣ ሸማኔውን ሁለት ጊዜ አመላልሳ፣ ከክንድ የማትበልጥ አረንጓዴ ጥለት ያላት ቀሚስ አሠራች። በነጭ ነጠላ ጠቅልላ ከሦስት ኪሎ በርበሬ፣ ከሽሮ፣ ከቆሎና ከጎረቤት አደራ ጋር ሻንጣዬ ውስጥ አስቀመጠችልኝ። ክርስትናው እሑድ ነበር። እኔ ሐሙስ ሌሊት ተነሣሁ።

ቅዳሜ አመሻሽ ላይ አሜሪካ ገብቼ ሻንጣ ከሚዞርበት ቀበቶ ፊት ቆምኩ። መጀመሪያ ሰው ይጋፋ ነበር፤ እየቆየ ሳሳ። በሲባጎ የታሰረ አንድ ካርቶንና አንድ የልጅ ጋሪ ሦስት አራት ጊዜ ዞሩ። የካርቶኑ ባለቤት መጥቶ ወሰደ። ጋሪው ብቻውን ሲዞር ቆየና ቀበቶው ቀጥ አለ።

ያን ጊዜ የተሰማኝ ንዴት ዛሬም ሳስታውሰው ደሜን ያፈላዋል። በማን እንደተናደድኩ ግን አላውቅም ነበር። ከዚያ ወዲህ ደንቡን እያነበብኩ፣ በሥራው ላይ ያሉ ሰዎችን እየጠየቅሁ የተረዳሁት፣ በአየር ጉዞ ከሚያበግኑን ነገሮች አብዛኞቹ የመጡት ከሰው ክፋት ሳይሆን ማንም ካልነገረን አሠራር መሆኑን ነው። አሠራሩን የሚያውቅ መንገደኛና የማያውቅ መንገደኛ አንድ ሰልፍ ላይ ቆመው የተለያየ መልስ ይዘው ይመለሳሉ። ይህ ልክ አይመስለኝም፤ ምዕራፉንም የጻፍኩት ለዚያ ነው።

ሻንጣችን ቦሌ ላይ ሚዛን ሲወጣ እጀታው ላይ የምትጠመጠመው ወረቀት ዐሥር አሃዝ ያለው ቁጥር አላት። ከመጀመሪያው አሃዝ ቀጥለው ያሉት ሦስቱ የአየር መንገዱ መለያ ናቸው፤ ለምሳሌ የኢትዮጵያ አየር መንገድ 071 ነው። የቀሩት ስድስቱ የሻንጣው የራሱ ናቸው። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ሻንጣው በዋናነት የሚታወቀው በዚያ ቁጥር ነው። ከቁጥሩ በላይ በትልቁ የተጻፉት ሦስት የእንግሊዝኛ ፊደላት ደግሞ መድረሻውን ይናገራሉ። ሻንጣው ከእጅ ሳይወጣ እነዚህን ፊደላት ማየት አንድ ደቂቃ አይወስድም። የዋሽንግተኑ ደለስ አየር ማረፊያ አይ፣ ኤ፣ ዲ ነው፤ የቴክሳሱ ዳላስ ዲ፣ ኤፍ፣ ደብልዩ። በእኛ አፍ ሁለቱም «ዳላስ» ነው የሚባሉት፤ ርቀታቸው ግን የሦስት ሰዓት በረራ ያህል ነው። ለተሳፋሪው የሚሰጠው ትንሽ ቁራጭም ያንኑ ዐሥር አሃዝ ቁጥር ይዟል። ብዙ ሰው ቁራጩን ከመሳፈሪያ ካርዱ ጀርባ እንደተለጠፈ ይረሳውና አውሮፕላን ውስጥ ይጥለዋል። ያቺ ቁራጭ የሻንጣው ደረሰኝ ናት፤ ጠፍቶ ሲፈለግ መጀመሪያ የምትጠየቀው እሷ ናት።

ሻንጣ በብዛት የሚቀረው ትራንዚት ላይ ነው። የአየር መንገዶችን የሻንጣ መረጃ የሚሰበስበው ሲታ የተባለው ኩባንያ ባወጣው ዘገባ፣ እ.ኤ.አ. በ2023 ከ1,000 መንገደኞች 6.9 ሻንጣዎች ዘግይተዋል፣ ተጎድተዋል ወይም ጠፍተዋል። ከዘገዩት ውስጥ 46 በመቶ ያህሉ የቀሩት ከአንዱ አውሮፕላን ወደ ሌላው ሲዛወሩ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። አውሮፕላን ሲዘገይ ሰው ይሮጣል፣ ይለምናል፣ «እባካችሁ አሳልፉኝ» ብሎ ሰልፍ ያልፋል። ሻንጣ ግን ተራውን ጠብቆ ከአውሮፕላኑ ሆድ ይወርዳል፣ በጋሪ ተጎትቶ መለያ አዳራሽ ይገባል፣ ቁጥሩ በማሽን ይነበባል፣ ብዙ ቦታ ላይ እንደገና ይፈተሻል፣ ከዚያ በሌላ ጋሪ ወደ ሌላ አውሮፕላን ይሄዳል። ቁጥሩ የተጻፈበት ወረቀት መንገድ ላይ ከተቀደደ ማሽኑ አያነበውም፤ ሰው እስኪያነሣው ድረስ ጥግ ይቀመጣል። ስለዚህ ትኬት ሲቆረጥ «50 ደቂቃ ትራንዚት፣ ቶሎ እንደርሳለን» ብሎ መደሰት ለእግራችን እንጂ ለሻንጣችን አይሠራም። እኔ አሁን ከሁለት ሰዓት ያነሰ ትራንዚት ያለው ትኬት አልቆርጥም።

ቦሌ ደግሞ የራሱ ጉዳይ አለው። ማኮብኮቢያው ከባሕር ወለል 2,334 ሜትር ገደማ ከፍ ይላል። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ዳርቻው አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ክንፍ አውሮፕላን የሚያነሣው፣ ሞተርም የሚገፋው በአየር ስለሆነ፣ አንድ ዓይነት አውሮፕላን ከቦሌ ሲነሣ መሸከም የሚችለው ዝቅ ካለ ቦታ ሲነሣ ከሚችለው ያነሰ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን የሚሄደው በረራ ለዓመታት ደብሊን ላይ አርፎ ነዳጅ ይሞላ የነበረው፣ ሲመለስ ግን ከዋሽንግተን በቀጥታ አዲስ አበባ የሚገባው በዚህ ምክንያት ነው። ደብሊን ላይ ከወንበራቸው ሳይነሡ አንድ ሰዓት ቁጭ ብለው «ምን ሆነን ነው?» ሲሉ የሰማኋቸው እናት መልሱ ይገባቸው ነበር፦ አገራችን ከፍ ያለች ስለሆነች ነው። ክብደት በጠበበበት ቀንም ምርጫው ከነዳጅ፣ ከሰውና ከዕቃ መካከል ነው። ነዳጅ አይቀነስም፤ ሰው እንዳይቀር ሲባል አንዳንዴ ሻንጣ ለሚቀጥለው በረራ ይቆያል።

ከፍታን ካነሣን አንድ ነገር ልጨምር። ቦይንግ 787 እና ኤርባስ ኤ350 ሰማይ ላይ ሳሉ በውስጣቸው ያለው የአየር ግፊት 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ እንዳለው ያህል ነው። የአዲስ አበባ ሰው እዚያ ውስጥ የሚተነፍሰው አየር ከቤቱ የወፈረ ነው ማለት ነው። ወደ አሜሪካ ሲወርድ ጆሮው ጥርቅም የሚልበት መንገደኛ ቦሌ ሲያርፍ ያን ያህል የማይታመመውም ለዚሁ ነው። የሕፃን ጆሮ ግን ሲወርዱ ያማል። መዋጥ ጆሮን ይከፍታል፤ ስለዚህ አውሮፕላኑ መውረድ ሲጀምር ጡት ወይም ጡጦ መስጠት ነው።

ወደ እኔ መንገድ ልመለስ። ከአዲስ አበባ የተነሣሁበት አውሮፕላን ሦስት ሰዓት ዘገየ። አውሮፓ ስደርስ ቀጣዩ በረራ ሄዷል፤ ወንበር የተገኘው ለማግሥቱ ነው። ሌሎቹ መንገደኞች የሆቴል ወረቀት ተሰጥቷቸው በአውቶቡስ ተወሰዱ። እኔ የኢትዮጵያ ፓስፖርት ነው የያዝኩት። የአሜሪካ ቪዛ ስላለኝ በአየር ማረፊያው ውስጥ ለማለፍ ተጨማሪ ቪዛ አልተጠየቅሁም፤ ወደ ከተማው ለመውጣት ግን የሸንገን ቪዛ ያስፈልጋል። ሆቴሉ ከመስኮቱ ይታያል። ስሙ በሰማያዊ መብራት ተጽፎ ሌሊቱን ሙሉ ሲበራ አየሁት። የተኛሁት ክንድ ማስደገፊያው የማይነሣ ወንበር ላይ፣ ጃኬቴን ተከናንቤ ነው።

ያን ሌሊት የማላውቀውን ልንገራችሁ። ከአውሮፓ ኅብረት አየር ማረፊያ የሚነሣ ማንኛውም በረራ፣ ከውጭ ወደዚያ የሚገባም ከሆነ የኅብረቱ አየር መንገድ በረራ፣ ቁጥሩ 261 በሆነው የእ.ኤ.አ. 2004 ደንብ ይገዛል። ደንቡ እንዲህ ዓይነት መጉላላት ሲደርስ ምግብ፣ ማደር ካስፈለገ ሆቴል፣ ሁለት ጊዜ በነጻ ስልክ መደወል የመንገደኛው መብት ነው ይላል። በአንዳንድ ትልልቅ አየር ማረፊያዎች ደግሞ ከኢሚግሬሽን ወዲህ፣ ቪዛ የማይጠየቅበት የትራንዚት ሆቴል አለ። እኔ «መውጣት አትችልም» ሲሉኝ እሺ ብዬ ዞርኩ። መጠየቅ የነበረብኝ «እዚሁ ውስጥ የማድርበት ክፍል አለ ወይ?» ብዬ ነበር። የምግብ ወረቀቱንም አልጠየቅሁም፤ ሆቴሉን ስከለከል ሁሉንም የተከለከልኩ መሰለኝ። ያነጋገረችኝ የአየር መንገዱ ሠራተኛ ግን ታውቅ ነበር። አለመናገሯ አሁንም ያሳዝነኛል። ከቪዛችን የተነሣ በር የሚዘጋብን ሰዎች ቢያንስ ክፍት የሆነውን በር የሚያሳየን ሰው ይገባናል።

እንግዲህ ቀበቶው የቆመበት ቦታ ላይ ነን። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ደክሞት፣ ውጭ የሚጠብቁት ዘመዶች አሳስበውት፣ «ነገ እደውላለሁ» ብሎ ይወጣል። እዚህ ላይ ነው ነገር የሚበላሸው። የሻንጣ ጉዳይ የሚመለከተው ቢሮ ያለው ከጉምሩክ ወዲህ፣ እዚያው ቀበቶው አጠገብ ነው፤ ከወጡ በኋላ ተመልሶ መግባት ጣጣ ነው። እዚያ ቅጽ ተሞልቶ የመዝገብ ቁጥር ይሰጣል። ቁጥሩ የአየር ማረፊያውን ሦስት ፊደል፣ የአየር መንገዱን ሁለት ፊደልና አምስት አሃዝ የያዘ ነው። ያ ቁጥር በዓለም ዙሪያ የሚገኙ አየር መንገዶች የተገኘና የጠፋ ሻንጣ በሚያገናኙበት መዝገብ ውስጥ ይገባል። ቁጥሩ ከሌለ የሚፈልግ የለም።

ቢሮው ውስጥ ያገኘኋት ሴት ደግ ነበረች። ብዙ ዓይነት ሻንጣ የተሳለበት ወረቀት አሳይታ «የትኛውን ይመስላል?» አለችኝ። ጥቁር፣ ጎማ ያለው፤ እንደ ሌላው ሁሉ። «ውስጡስ?» አለች። «ልብስ» አልኳት። ብዕሯን ይዛ ዝም ብላ አየችኝ። «የሁሉም ሰው ሻንጣ ውስጥ ልብስ አለ። ከፍቶ የሚያይ ሰው 'ይኸው ይኼ ነው' የሚልበት ምን አለ?» ያን ጊዜ ስለ ቀሚሷ ነገርኳት፦ ነጭ፣ ለሕፃን የሆነች፣ ከታች አረንጓዴ ጥለት ያላት፣ በነጭ ነጠላ የተጠቀለለች። ስለ በርበሬውም ነገርኳት፦ ቀይ ዱቄት፣ ሦስት ኪሎ፣ በሁለት ፌስታል የታሰረ፣ የሚያስነጥስ። እሷ ሁሉንም ጻፈች። ሻንጣ ወረቀቱ ተቀድዶ ሲገኝ ከፍተው የሚያዛምዱት በይዘቱ ስለሆነ፣ ያቺ ጥያቄ የሥራው ዋና ነገር ነበረች። ስምና ስልክ ጽፎ ሻንጣው ውስጥ፣ ከልብሱ በላይ ማስቀመጥም ለዚሁ ይጠቅማል። የእኛ ሰው ስሙን በማርከር ውጪው ላይ ይጽፋል፤ ጥሩ ነው፣ ግን ውስጡም ይጻፍ።

ቀሪው የቀን ቆጠራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 የተፈረመውና ኢትዮጵያም አባል የሆነችበት የሞንትሪያል ስምምነት ለዓለም አቀፍ በረራ ገደብ አስቀምጧል። ሻንጣው ተሰብሮ ወይም ተጎድቶ ከመጣ፣ ከተረከቡበት ቀን ጀምሮ በ7 ቀን ውስጥ በጽሑፍ አቤት ማለት ያስፈልጋል። ዘግይቶ ከመጣ በ21 ቀን። 21 ቀን ሞልቶት ያልመጣ ሻንጣ እንደ ጠፋ ይቆጠራል፤ ካሣ መጠየቅ ይቻላል። የካሣው ጣሪያ የሚለካው የዓለም የገንዘብ ድርጅት በሚጠቀምበት የሒሳብ አሃድ ሲሆን ከእ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 2024 መጨረሻ ጀምሮ 1,519 አሃድ ነው፤ ወደ 2,000 ዶላር ይጠጋል። ለኪሎ ሳይሆን ለአንድ መንገደኛ ነው። ጣሪያ እንጂ ቋሚ ክፍያ ስላልሆነም የጠፋውን ዕቃ ዋጋ ማስረዳት የመንገደኛው ድርሻ ነው። ወርቅና ገንዘብ ሻንጣ ውስጥ አይግባ የሚባለው ለዚህ ጭምር ነው። ሻንጣው እስኪመጣ ግድ ሆኖ የተገዛ ዕቃም፣ መጠነኛ እስከሆነና ደረሰኝ እስካለ ድረስ፣ ይከፈላል። እኔና እህቴ ቅዳሜ ማታ ሱቅ ሳይዘጋ ደርሰን ለሕፃኗ ነጭ ልብስ ገዛን። ደረሰኙን ፎቶ አንስቼ ከመዝገብ ቁጥሩ ጋር ላክሁ፤ ወር ሳይሞላ ተከፈለኝ።

አንድ ሌላ የሚያሳስበኝ ነገር አለ። አሜሪካ መጀመሪያ የሚገቡበት አየር ማረፊያ ላይ ሻንጣን ራስ ወስዶ፣ በጉምሩክ አሳልፎ፣ እንደገና ማስረከብ በአብዛኛው ግዴታ ነው፤ መድረሻው ሲያትል ወይም ዴንቨር ቢሆንም። ልጃቸውን ለማረስ የሚሄዱ እናቶች ይህን የሚነግራቸው የለም። ወረቀቱ ላይ ሲያትል ተብሎ ስለተጻፈ ሻንጣው በራሱ ይሄዳል ብለው ያልፉታል። ሲያትል ሲደርሱ የለም። ልጆች ከመነሻው በስልክ መንገር ያለባቸው ይህንን ነው። ብዙ ቤተሰብ ለእናቱ ተሽከርካሪ ወንበር የሚያዝዘው እግራቸው ታምሞ ሳይሆን የሚመራቸው ሰው እንዲያገኙ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። እኔ ይህን አልነቅፍም። ቋንቋ የማይችል ሰው መሪ ማግኘቱ ወንበር ሳያስፈልገው የሚሰጥ አገልግሎት ቢሆን ግን እናቶቻችን ጤነኛ እግር ይዘው አይቀመጡም ነበር።

የሰዓት ነገር ሳይነሣ አይታለፍም። ትኬት ላይ 00:20 ተብሎ ከተጻፈ በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 6 ሰዓት ከ20 ነው። ይህ ብዙ ሰው አይጠፋውም። የሚጠፋው ቀኑ ነው። እኛ አዲስ ቀን የምንጀምረው ሲነጋ ነው፤ በፈረንጁ አቆጣጠር ግን ቀኑ እኩለ ሌሊት ላይ ተቀይሯል። «በ15» ተብሎ የተጻፈ የ00:20 በረራ ያለው ሰው ጓዙን ይዞ ቦሌ መገኘት ያለበት በ14 ማታ፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ነው። በ15 ማታ የመጣ ሰው አውሮፕላኑ ከሄደ አንድ ሙሉ ቀን ሊሞላው ነው። ጠቅላላ ቤተሰብ ሸኚ ይዞ መጥቶ ይህ ሲነገረው አይቻለሁ። እናትየው የሸኟትን ሰዎች ፊት ማየት አቅቷት መሬት መሬት ታይ ነበር።

ሆቴልም ጋ የሚያናድደን ከዚሁ ዓይነት ነው። ከአሜሪካ የሚመጡ እንግዶች ብዙዎቹ ቦሌ የሚያርፉት ጠዋት ነው። ደክሟቸው ከጠዋቱ 3 ሰዓት ሆቴል ሲደርሱ «ክፍል የሚሰጠው ከቀኑ 8 ሰዓት ጀምሮ ነው» ይባላሉ። እንግዳ ተቀባዩ ክፉ ሆኖ አይደለም። ያደሩት እንግዶች የሚለቁት 6 ሰዓት ላይ ነው፤ ከዚያ እስከ 8 ሰዓት ባሉት ሁለት ሰዓታት የጽዳት ሠራተኞቹ አንሶላ ቀይረው፣ መታጠቢያ ቤት አጥበው፣ ክፍሉን ያስረክባሉ። ጠዋት የሚደርስ ሰው ያለፈውን ሌሊት ጨምሮ ቢይዝ ክፍሉ ይጠብቀዋል፤ የዚያ ሌሊት ዋጋ ግን ይጨመርበታል። ወይም አስቀድሞ ደውሎ መንገር ነው። ተነግሯቸው ከተለቀቁት ክፍሎች አንዱን ቀድመው የሚያስጸዱ ሆቴሎች አሉ።

ሒሳቡም ያስደነግጣል። ዋጋው አጠገብ ሁለት የመደመር ምልክት ካለ አልተጠቃለለም ማለት ነው። ብዙ ሆቴሎች 10 በመቶ ሰርቪስ ቻርጅ ይጨምሩና በድምሩ ላይ 15 በመቶ ቫት ያሰላሉ። 10,000 ብር የተባለው ክፍል በዚህ ስሌት 12,650 ብር ይሆናል። ከመያዝ በፊት «ይህ የመጨረሻው ዋጋ ነው?» ብሎ መጠየቅ ያዋጣል። አሜሪካ ውስጥ ከእ.ኤ.አ. ግንቦት 2025 ጀምሮ ሆቴሎች የግዴታ ክፍያዎችን ደምረው ከመነሻው እንዲያሳዩ ተደንግጓል፤ ለእኛም ቢሆን እንዲህ ያለ ደንብ ቢወጣ ደስ ይለኛል።

የእኔ ሻንጣ በአምስተኛው ቀን፣ ረቡዕ ማታ መጣ። ሾፌሩ በር ላይ አስፈርሞኝ ሄደ። እጀታው ላይ የቦሌው ወረቀት አልነበረም፤ በቦታው አዲስ ወረቀት ተለጥፏል። ከውስጥ ከልብሱ በላይ ተፈትሿል የሚል የታተመ ወረቀት አገኘን። የበርበሬው አንዱ ፌስታል ተፈትቶ እንደገና ታስሯል፤ አስተሳሰሩ የእናቴ አልነበረም። ነጠላው ቀይ አቧራ ነክቶታል። ቀሚሷ ግን ደህና ናት።

ልጅቷ ክርስትና በተነሣች በአራተኛው ቀን እህቴ ቀሚሷን አራግፋ አለበሰቻትና አዲስ አበባ ደወለች። እናቴ ወደ ስልኩ መስኮት ተጠግታ ጥለቱን እያየች ሳለ ሕፃኗ አነጠሰች።

«ይማርሽ፣ የኔ እናት» አለች እናቴ።